አንበርብር ዳነ ወይ?

«ጤዛ»ን አብረው ያዩ ሰዎች ፊልሙ ሲያልቅ የሚጨቃጨቁበት ነገር አንድ ነው፦ አንበርብር ዳነ ወይስ አልዳነም? ኃይሌ ገሪማ ይህን ሰው 140 ደቂቃ ሙሉ ከጣና ዳር መንደር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ፣ መልሶም ወደ መንደሩ ሲያመላልሰው ቆይቶ መጨረሻ ላይ ቁርጡን ሳይነግረን ይተወናል። አንዳንዱ ተመልካች በዚህ ይበሳጫል። አንዳንዱ ያለቅሳል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ወጥቶ ይሄድና ሰንበት ብሎ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ «ያ ሰውዬ ግን…» ብሎ ይጀምራል።

እኔ ሰቆጣ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው ሰቆጣ የምሠራ የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። የፊልም ሃያሲ አይደለሁም፤ ስለ ካሜራና ስለ ብርሃን የምለው ብዙ የለኝም። አእምሮው የታወከ ሰው ያለበት ፊልም ሳይ ግን ሥራዬ አብሮኝ ይቀመጣል። ዘመድ ታማሚውን እንዴት ይይዘዋል? ጎረቤት ምን ይለዋል? ማን ያርቀዋል፣ ማንስ ውኃ ያቀብለዋል? ጎረቤቶቼ ስለ «ጤዛ» መጨረሻ ሲከራከሩ ስሰማ፣ በሥራ ክፍሌ ጠይቄ የማላገኘውን መልስ አገኘሁ። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ እሱ ነው።

ፊልሙን ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። መጨረሻውንም ስለምናገር፣ ሳያውቅ ማየት የሚሻ እዚህ ላይ ያቁም። አንበርብር የገጠር ልጅ ነው። ጀርመን ሄዶ ሕክምና ይማራል፤ እዚያ ካሉት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር ስለ አብዮት፣ ስለ ሶሻሊዝም፣ ስለ ነገዪቱ ኢትዮጵያ ሲከራከር ያድራል። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ አገሬን በሙያዬ አገለግላለሁ ብሎ ይመለሳል። የጠበቀው ነገር ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። የልብ ጓደኛው ተስፋዬ ይገደልበታል። እሱም ዳግም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይላካል፤ እዚያ ዘረኞች ይደበድቡትና እግሩን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1990፣ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እናቱ ደጅ ይደርሳል። ሌሊት ይቃዣል። የደረሰበትን ነገር ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን አያስታውሰውም። መንደርተኛው ልክፍት ነው ብሎ ጠበል ይወስደዋል። ዙሪያውን ጦርነት ነው፤ ወታደር ልጆችን ያፍሳል፣ ልጆቹ ዋሻ ይደበቃሉ። እናቱ ቤት አዛኑ የምትባል፣ ሰው ያገለላት ሴት ተጠግታ ትኖራለች፤ ከእሷ ጋር ይቀራረባሉ። በመጨረሻ አንበርብር የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል፣ አዛኑም ልጅ ትወልዳለች።

በቃ፣ ይኸው ነው። ቅዠቱ ቆመለት ወይ? ዋሻ የገቡት ልጆች ወጡ ወይ? የተወለደው ሕፃን ሲያድግ እሱም ይታፈስ ይሆን? ፊልሙ ይህን ሁሉ ለእኛ ትቶ ያልቃል።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለደ፣ በ1967 ወደ አሜሪካ የሄደ፣ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ሰው ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እና «ሳንኮፋ» የእሱ ናቸው። «ጤዛ»ን ከዳር ለማድረስ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ወሰደ፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የአፍሪካ ፊልም ትልቁ ሽልማት ተሰጠው። ስለ ሽልማቱ ይህን ካልሁ ይበቃል፤ የእኔ ነገር ያለው ሰቆጣ ሳሎን ውስጥ ነው።

ፊልሙን ያየነው በሻደይ በዓል ሰሞን ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ የዋግ ልጅ ካለበት ሁሉ ይመጣል። ቀን ልጃገረዶቹ ለምለሙን የሻደይ ሣር ወገባቸው ላይ አሥረው በከበሮ ሲጫወቱ ይዋላል፤ ማታ ዝናብ ስለማይጠፋ ሰው ቤት ይሰበሰባል። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ትንሽ ፕሮጀክተር ይዞ መጥቶ ነበር። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ በሚስማር ወጠርን፣ ቡና ተፈላ፣ ጠላው ቀረበ፣ ጎረቤት ተጠራ። ወንድሜ የሕንድ ፊልም አስቦ ነበር፤ «ጤዛ» ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ። ከመጡት ውስጥ ስሙን እንኳ የሰማ ጥቂት ነበር።

ፊልሙ ውስጥ አማርኛም ጀርመንኛም እንግሊዝኛም ይነገራል፤ ከሥር የሚወጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። የጀርመኑ ክፍል ሲመጣ የጎረቤታችን ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጽሑፉን እያነበበ ጮክ ብሎ ወደ አማርኛ ይመልስልን ጀመር። አያቱ አማርኛው ብዙም አይቀናቸውም። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ከእሱ እየተቀበለች በኽምጣና ትነግራቸዋለች። ጀርመን ላይ የተነገረው እማማ ጆሮ እስኪደርስ በስንት አፍ አለፈ! ተማሪዎቹ ተነሥተው እየተጯጯሁ ስለ አብዮት ሲከራከሩ እማማ ልጃቸውን ጠየቁ፤ እሷም ጥያቄውን ወደ ልጁ አሳለፈችው፦ «ምን ሆነው ነው የሚጣሉት? በማን ነገር?» ልጁ ጽሑፉ እያመለጠው ትንሽ አሰበና «በእኛ ነገር» አላቸው። እማማ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ።

ፊልሙ አልቆ ስሞች ሲወጡ መጀመሪያ የተናገረው ይኸው ተማሪ ነው። «ክፍል ሁለት የታለ?» አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው። ያንን ሁሉ ሲተረጉም አምሽቶ መጨረሻው እንዲህ ሲሆንበት የተወሰደበት ነገር ያለ ነው የመሰለው። አልፈረድሁበትም። እሱ ያደገው እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ በሚተላለፉት የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ነው። እዚያ ነገር ይንዛዛል፣ ሰው ይጠፋል፣ ይታሰራል፤ በመጨረሻ ግን ምሥጢሩ ይወጣል፣ ክፉው ይጋለጣል፣ ፍቅረኞቹ ይገናኛሉ ወይም ይሞታሉ። ተመልካቹ ወራት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው ያንን ቀን ነው፣ ያም ቀን አይቀርም።

ሌላው ያሳደገው «ትርጉም ፊልም» ነው፤ አንድ ሰው የውጭውን ፊልም ከላይ እየተረከ የሚነግረን ማለት ነው። ለእነዚህ ተራኪዎች ክብር አለኝ። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ስንት ሰው የዓለምን ፊልም ያደረሱት እነሱ ናቸው፣ እኔም በልጅነቴ ከቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ የማልነሣ ነበርሁ። አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። መጨረሻው ክፍት የሆነ ፊልም ሲገጥማቸው አንዳንዶቹ ራሳቸው ይዘጉታል። ይኸው ልጅ «ሻተር አይላንድ»ን ያየው በትርጉም ነው። ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው፣ በ1954 በአንዲት ደሴት ላይ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ነው። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ መርማሪ ነኝ ብሎ ይገባል፤ ኋላ ላይ ግን እሱ ራሱ ታካሚ መሆኑ ይታወቃል። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አንድ ንግግር ተናግሮ ከሐኪሞቹ ጋር ይሄዳል። ሕመሙ ተመልሶበት ነው? ወይስ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ያደረግሁትን እያስታወስሁ ከምኖር አንጎሌን ቢነኩት ይሻለኛል ብሎ አውቆ ነው? ዓለም እስካሁን ይከራከርበታል። ልጁ የሰማው ተራኪ ግን «አውቆ ነው» ብሎ ደምድሞለት ነበር፤ እና ልጁ ስለዚህ ፊልም ከእኔ ጋር የሚከራከርበት ነገር አጣ። ለእሱ ያለቀ ነገር ነው።

መቼም ስለ «ሻተር አይላንድ» ካነሣሁ አንድ ቅሬታዬን ልጨምር። በዚያ ፊልም የአእምሮ ሕክምና ማለት ማዕበል የከበባት ደሴት፣ የብረት በር፣ ጨለማ ኮሪደር ነው። ድንቅ ፊልም ነው፣ ግን እሱን አይቶ የታመመ ወንድሙን ወደ ሕክምና ለማምጣት የሚፈራ ሰው ቢኖር አይገርመኝም። በ«ጤዛ» ውስጥ ታማሚው የሚኖረው እናቱ ቤት ነው። ሲቃዥ የምትነሣው እናቱ ናት። ጠዋት ሰው ሰላም ይለዋል፣ ሽማግሌ ይመክረዋል፣ ሕፃናት ይከተሉታል። የሚፈሩትም የሚወዱትም እዚያው አብረውት አሉ። እኛ ጋ እንደዚህ ነው፤ እኔ ወደምሠራበት ክፍል የሚመጣ ታማሚ ብቻውን አይመጣም፣ እናት ወይም ወንድም ወይም የሠፈር ሰው ይዞት ነው የሚመጣው።

ወደ ሳሎናችን ልመለስ። ከጎረቤቶቻችን አንድ አዛውንት አሉ፣ «አያ» እያልን የምንጠራቸው። በፊልሙ መጀመሪያ እንቅልፍ ያዳፋቸው ነበር። ልጆቹ ዋሻ ሲደበቁ ሲያዩ ግን ከወንበራቸው ወደ ፊት ሳብ አሉ፣ ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከአንሶላው ላይ አላነሡም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል የሚያዝ ነበር። ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው። ገጠር የደረሰው አፈሳ ነው፤ ልጅ ከገበያ፣ ከእረኝነት ቦታ እየተያዘ ይሄዳል። አያም ያን ጊዜ ለጋ ወጣት ነበሩ።

ተማሪው «ክፍል ሁለት» ብሎ ሲያማርር፣ ሌሎቹም አንበርብር ዳነ አልዳነም እያሉ ሲከራከሩ፣ አያ ቆጣ ብለው ገቡበት። «ለእሱ ምን አስጨነቃችሁ? እሱ እናቱ ቤት ገብቷል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እነዚያ ልጆችስ? አንድም ሰው ስለ ልጆቹ አልጠየቀም!» አሉ። ከዚያ ሳንጠይቃቸው የራሳቸውን ነገሩን። ከጓደኞቻቸው ጋር ገደል ሥር ሲደበቁ እናታቸው ማታ ማታ ስንቅ ታደርስላቸው ነበር። ስም ጠርታ አትጣራም፤ ሁለት ድንጋይ ይዛ ሁለቴ ታጋጫለች፣ ትቆያለች፣ አንድ ጊዜ ትደግማለች። ከእሷ ሌላ የመጣ እንደሆነ በዚያ ይለያል። አንድ ማታ ከተደበቁት ልጆች አንዱ እርቦት የሌላ ሰው ኮቴ ሰምቶ ወጣ። አያ እዚህ ላይ ቆሙ። «እሱም ክፍል ሁለት የለውም» አሉት ተማሪውን።

እኔ ፊልሙን ከዚያ በፊት ሳየው ዓይኔ ያለው አንበርብር ላይ ብቻ ነበር። ለአያ ግን ሳይዘጋ የቀረው በር የዋሻው ነው። ተመልካች ሁሉ ከፊልሙ ውስጥ የራሱን ያላለቀ ነገር መርጦ እንደሚያነሣ የገባኝ በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህም አሁን ከሰው ጋር ፊልም ሳይ «ምን ማለት ነው?» ብዬ አልጠይቅም፤ «የቱ ጋ ቀረህ?» ነው የምለው።

በጣም ያሳሰበኝ አስተያየት የመጣው ግን ከአንዲት ሴት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከአበርገሌ ተፈናቅላ ሰቆጣ የገባች፣ ግቢያችን ተከራይታ ከልጆቿ ጋር የምትኖር ናት። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ዋግ ሲደርስ ስንቱ ቤቱን ጥሎ እንደወጣ እዚህ የማያውቅ የለም፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የመጡት ሰዎች በሰቆጣ ለዓመታት ኖረዋል። እሷ ሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ያን ማታ ግን አንዱ «ልጅ ተወለደለት፣ ይኸው ዳነ ማለት ነው» ሲል ስኒውን አስቀመጠችና «ልጅ መውለድ መዳን ነው ያለው ማነው?» አለች። «የወለደችው እሷ፣ ዳነ የሚባለው እሱ። አዛኑ ሌሊት አትቃዥም?»

ማንም አልመለሰላትም። እኔም ብዙ አሰብሁበት። ልክ ናት ብዬ አምናለሁ። ኃይሌ የአዛኑን ቁስል ያሳየናል፣ መንደሩ እንዴት እንደሚገፋትም አይሸሽግም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ሕልሟን የሚያሳየን ግን የእሱን ብቻ ነው። በእሷ ሆድ ውስጥ ያለውን ፊልሙ አይነካውም። በመጨረሻዋ ትዕይንት ሕፃኑን ስናይ የምንደሰተው ለአንበርብር ነው፣ እሷ እንዴት እዚያ እንደደረሰች ግን በግምት ነው የምናውቀው። ይህ ክፍት መጨረሻ ሳይሆን ሳይነገር የቀረ ታሪክ ነው፤ ሁለቱ ይለያያሉ። አንዱን ደራሲው አውቆ ይተወዋል፣ ሌላው ሳይታየው ያልፋል። «ጤዛ»ን እጅግ እወደዋለሁ፣ እዚህ ላይ ግን ከተከራያችን ጋር ነኝ።

መሪጌታ መጨረሻ ላይ ነው የተናገሩት። ለሻደይ ቤታችን መጥተው ዝናቡ ያስቀራቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ ፊልም የማየት ልማድ የላቸውም። ክርክሩን ጸጥ ብለው ሲሰሙ ቆዩና ማንም ሳይጠይቃቸው መጽሐፍ እንደሚተረጉም ሰው ጀመሩት። አንድም፦ የተወለደው ልጅ ያ የተገደለው ጓደኛው ነው፣ የሞተበት ተመለሰለት ማለት ነው። አንድም፦ ልጁ አገሪቱ ናት፤ በጦርነት መካከል ተወልዳለች፣ ታድግ አታድግ ገና ነው። አንድም፦ ሰውየው ራሱ ነው የተወለደው፤ እናቱ ቤት የመጣው እንደ ሕፃን ሆኖ ነውና፣ አልጋ ላይ ሳለ ታቀፈችው፣ ተነሥቶ ቆመ፣ አሁን ፊደል አስያዥ ሆነ።

ተማሪው ጓጉቶ «ከሦስቱ የትኛው ነው መሪጌታ?» አላቸው። «ልጄ፣ አንድም ሲባል የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም» አሉት። ደጋግሜ የማስበው ይህን መልስ ነው። የአንድምታ ትምህርት በጎንደር ዘመን የጎለመሰ፣ አንዱን ኃይለ ቃል ይዞ ሁለት ሦስት አራት ፍቺ ጎን ለጎን የሚያቆም የአተረጓጎም ሥርዓት ነው። ከሊቅ አፍ ሰምተው የሚቀበሉት ስለሆነ ተማሪው አንዱን መርጦ ሌላውን አይጥልም፤ ሁሉንም ይይዛል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመናዊ አሠራር ነው የሚባለው ክፍት መጨረሻ መሪጌታን ቅንጣት አላስቸገራቸውም፤ ከወጣቶቹ ሁሉ ይልቅ ፊልሙ የተመቻቸው እሳቸው ናቸው። የተማረ ተመልካች የለንም፣ ሕዝቡ የተዘጋ ታሪክ ነው የሚወደው የሚሉ የፊልም ሠሪዎች ይህን ቢያዩ ደስ ባለኝ።

እኔስ? በሙያዬ ከጠየቃችሁኝ ልናገር። አንድ ጎረቤታችን ፊልሙ «ተዘበራረቀ» ብሎ ነበር፤ ገና እናቱ ቤት ነው ስንል ጀርመን፣ ጀርመን ነው ስንል ልጅነቱ። ከከባድ ሰቆቃ በኋላ ትዝታ የሚመጣው ግን እንደዚያው ነው። ተራውን ጠብቆ አይመጣም። ድምፅ ወይም ሽታ ይቀሰቅሰዋል፣ ሰውየው ያለበትን ቦታ ትቶ እዚያ ይገኛል፤ ዋናዋ ሰዓት ግን ተቆርጣ ትቀራለች። ይህ ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የራሱ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ሰው ግን ጦርነት ካለበት ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጦርነት ባለባቸው ቦታዎች ከአምስት ሰው አንዱ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይገምታል። አምስት ሰው ማለት የአንድ ቤት ሰው ነው። ያን ማታ ሳሎናችን ውስጥ ከዚያ በጣም የበለጥን ነበርን።

መዳንንም እኛ የምንለካው ቅዠት በመቅረቱ ብቻ አይደለም። ይተኛል ወይ? ይበላል ወይ? ሥራ ያዘ? ከሰው ጋር ተቀላቀለ? የደረሰበትን ሲያስታውስ ትዝታው ይጥለዋል ወይስ ያልፈዋል? አንበርብርን በዚህ ብመዝነው ልጆች ፊት ቆሞ ማስተማሩ ትልቅ ነገር ነው፣ አዛኑን መቅረቡም እንዲሁ። ቅዠቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ በዓመቱ በጥይት ድምፅ፣ በአሥር ዓመቱ በአንድ ደብዳቤ። ፊልሙ «ዳነ» ብሎ ቢጨርስ ኖሮ እኔ አላምነውም ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለኝ። ሥራ ላይ ሰው ሳገኝ «ቅዠት አለህ?» እላለሁ። «የለኝም» ይለኛል። «ያለፈው ነገር እየመጣ ያስቸግርሻል?» እላለሁ። «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ትለኛለች። ዋግ ሰው ሆዱን በቀላሉ አይከፍትም፤ የእኔን ችግር አውርቼ ማንን ላስቸግር ይላል። ከዚያ ማታ በኋላ ግን ካዩት ሰዎች አንዱ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «ሲስተር፣ ያ አንበርብር… ያ ሌሊት የሚይዘው ነገር፣ ስንት ዓመት ይቆያል?» አለኝ። ስለ ፊልሙ ነበር የሚጠይቀኝ። እኔም ስለ ፊልሙ መለስሁለት። ብዙ አወራን፣ አንድም ጊዜ «እኔ» አላለም። አንበርብር መጨረሻ ላይ ድኖ፣ ስቆ፣ ሁሉን ረስቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው «እሱስ ዳነ፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት» ብሎ ቤቱ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ተማሪው ግን እስካሁን አልተረታልኝም፣ መከራከሪያውም ቀላል አይደለም። ፈተናውን ተፈትኖ ውጤት ሲጠብቅ ሳለ አንድ ቀን መጣና እንዲህ አለኝ፦ «አንበርብር መንደር የቀረው ወድዶ ነው ወይስ እግሩን ስላጣ? ሁለት እግር ቢኖረው ይቆይ ነበር? ኃይሌ ራሱ ዋሽንግተን ነው የሚኖረው። እሱ ያልኖረበት ቦታ ነው ጀግናውን የተወው።» ኃይሌ ፊልሙን ለመሥራት ወደ አገሩ መጥቶ እዚያው ጣና ዳር እንደቀረጸው ነገርሁት። «አውቃለሁ፣ ቀርጾ ተመለሰ» አለኝ። የሰቆጣ ልጅ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ጎበዞች ሁሉ ውጤት በመጣ ማግስት ሻንጣ እንደሚያሥሩ ያውቃል፣ እሱም ከእነሱ አንዱ ነው። አንበርብር የቀረበትን ምክንያት ፊልሙ ቢነግረው ለራሱ አንድ ነገር የሚቆርጥበት መስሎታል። አሁን ራሱ ሊቆርጠው ነው፣ ይህም ነው ያናደደው። የማስተማሩን ሥራ ሰው በግድ አይይዘውም፣ ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም አልሁት። አልተስማማንም።

በሚመጣው ሻደይ የኢራናዊውን የአስገር ፋርሃዲን «ኤ ሴፓሬሽን» ለማየት ተስማምተናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በርሊን ላይ ወርቃማውን ድብ፣ በዓመቱም ኦስካርን የወሰደ ፊልም ነው። የእኛ ሰው የሚያውቀው ነገር ሁሉ አለበት፦ የሚጦር አባት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሽምግልና፣ ፍርድ ቤት፣ መሐላ። በመጨረሻ ዳኛው የሚፋቱትን ባልና ሚስት ሴት ልጅ ከአባትሽና ከእናትሽ ማንን መረጥሽ ይላታል፤ ወላጆቿ ወጥተው ኮሪደር ላይ፣ እሱ በዚህ እሷ በዚያ ሆነው ይጠብቃሉ። መልሷን ሳንሰማ ያልቃል። ተከራያችን ከአሁኑ «ልጅን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ራሱ ኃጢአት ነው» ብላለች። አያ የፋርስ ሰው ፊልም ይሠራል ወይ እያሉ ነው። ጽሑፉን እያነበበ የሚተረጉምልን ያው ተማሪው ነው፣ ከሄደበት ዩኒቨርሲቲ ለበዓሉ ከመጣ። አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገብቼዋለሁ፦ ዳኛው ጠይቆ ልጅቷ ዝም ስትል፣ እሱም ከራሱ መልስ ሳይጨምር ዝም እንዲል።